የጀልባዋ መተንፈሻ

እስቲ የዚችን ጀልባ ጎን እዩ። ቀለሟን ተዉት፣ ቀለሟ ከረገፈ ቆይቷል። ከኋላ፣ ከመቀመጫው ግራና ቀኝ፣ እንደ አውራ ዶሮ አንገታቸውን ያሰገጉ ሁለት የላሜራ አፎች አሉ። አንዱ ወደ ፊት ያፈጠጠ ነው፣ ሌላው ወደ ኋላ የዞረ። ባንዱ ንፋስ ይገባል፤ በሌላው ከሞተሩ ሥር የሚጠራቀመው የቤንዚን ትነት ይወጣል። መተንፈሻ ናቸው፣ ሌላ ተአምር የላቸውም። ይችን ያህል ነገር መረዳት አቅቶን ነው ሰው የበላነው።

እንዳላማው ጀልባዋን የሚነዳት ከደብረ ኤልያስ ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይ ዳር ነው። ድሮ ከባልንጀራው ከአበረ ጋር ነበር። ከጣና በጭነት መኪና ጭነው ያመጧት እነሱ ናቸው። አበረ ሞተሩን፣ እንዳላማው መሪውን ይዘው፣ ሲጣሉም ሲታረቁም እዚያችው ጀልባ ላይ ኖሩ። እንዳላማው ሚስት ነበረችው፤ ቆላው አልስማማት ብሎ ሽቅብ ወደ ሮብ ገበያ፣ ወደ እናቷ ቤት እንደወጣች በዚያው ቀረች። ያኔ እንኳ ብቸኛ አልነበረም። አበረ ነበረው።

ባለፈው ጥር አበረ ሞተሩን ሊያስነሳ ቁልፉን ቢያዞረው ጀልባዋ ከሆዷ ጓ ብላ ነደደች። ተሳፋሪው ገና ከዳር ቆሞ ስለነበር የተነካ የለም። አበረን ግን በጋቢ ጠቅልለው ሽቅብ አወጡት፤ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ አረፈ።

ምን ሆኖ ነው? አሮጌዎቹ መተንፈሻዎች ዝገት በልቷቸው፣ ክዳናቸው ረግፎ ነበር። ንፋሱም ውሃውም ከኋላ የተቀመጠውን ሰው እግር ይገርፈዋል። እናም ከማዶ ሲመለሱ ተሳፋሪዎቹ ሁለቱንም አፎች በጨርቅ ወተፏቸው። ትነቱ መውጫ አጥቶ ከወለሉ ተኛ፤ እሳት እስኪያገኝ ጠበቀ። እንዳላማው ያረረውን ጨርቅ ከቱቦው እየጎተተ ለአገሩ ሁሉ አሳየ። አገሩ ምን አለ? «የወንዙ ጋኔን ነው» አለ። ጋኔን ጥሩ ነው፤ አይከሰስ፣ አይመልስ! ጨርቅ ግን ባለቤት አለዋ።

ጀልባዋ ከእሳቱ ብትተርፍም ከዚያ ወዲያ የሚረግጣት ጠፋ። ሰው በታንኳ ይሻገር ጀመር። ክረምቱ ገባ፣ ዓባይ ሞላ። እንዳላማው ዳር ላይ በተከላት ጎጆ ሞተሩን ፈታትቶ አጠበ፣ ገጠመ። ለሁለት ሰው የተሠራ ሥራ ለአንድ ሰው ሲቀር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። መሪው ጋ ቆሞ «አስነሳ!» ብሎ ይጣራል፤ ዝም ሲባል ራሱ ወደ ኋላ ይሄድና ያስነሳል። ደግሞ ወደ መሪው ይሮጣል። ውሎ ሲያድር የገዛ ድምፁን ላለመስማት ሲል መጣራቱን ተወው።

በጥቅምት፣ ውሃው ጎደል ሲል፣ መተንፈሻ ሊያሠራ ደብረ ማርቆስ ወጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው እንደ ጤፍ ታጭቋል፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር «እባካችሁ ትንሽ ክፈቱልኝ፣ አዞረኝ» ብትል «ብርድ ሊያስመታን ነው እንዴ!» ብለው ጮኹባት። እንዳላማው ከጎኑ ያለውን መስኮት ከፈተ። ከኋላው አንድ እጅ መጥቶ ዘጋው። ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው፣ ይሄ ሁሉ ቦርሳ ያንጠለጠለ!

በያጁ ምናለ የሚባል ጎልማሳ ነው። ነገሩን ሲሰማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀ።

«ለጀልባ? ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ላይ የሚንሳፈፈው ባጃጅ ብቻ ነው፤ እሱም ዝናብ ሲዘንብ!»

«ቀልድህን በኋላ። አፉ ሰፋ ይበል፣ አንገቱ ይታጠፍ። ዝናብ እንዳይገባ፣ ንፋስ ግን እንዳይታገድ።»

«የወጥ ቤት ጭስ ማውጫ በሉኛ።»

«እንደሱ ነው። ብቻ ይሄኛው ካልተነፈሰ ወጡ ሰው ነው።»

ምናለ ሳቁን ዋጠ። አሳምሮ ሠራለት።

እንዳላማው ዓባይ ዳር ተመልሶ የዛጉትን ብሎኖች ነቀለ። ቀዳዳውን ፍቆ አጸዳ፣ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ከሥር አነጠፈ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባ፣ አዲሶቹን አጥብቆ አሰረ። ሲጨርስ «ቀጥ ብሏል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ራቅ ብሎ ቆሞ አየው። ቀጥ ብሏል።

አሁን የቀረው ሰው ነው። የሚሳፈር ካልተገኘ ጀልባዋ ለቁርጥራጭ ብረት ልትሸጥ ነው፤ እሱም የሚሄድበት የለው።

የማዶው ገበያ ቀን ታንኳው ተቀደደና ሰዉ ሳይወድ በግዱ ወደ እንዳላማው መጣ። ፊት ፊት ያለው አበባው የተባለው የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር።

«አያ እንዳላማው፣ ጋኔኑን አስወጣኸው?»

«ይኸው፣ በዚህ በኩል ነው የሚወጣ» አለና መተንፈሻውን በመዳፉ መታ አደረገው።

ሳቁ። እንዳላማው የሰው ሳቅ ከሰማ ከርሞ ነበርና ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

ተሳፍረው ተነሡ። ከዳር ሳይርቁ የቤንዚን ሽታ አፍንጫውን መታው። ዞር ሲል የነጠላ ጥለት ከመተንፈሻው አፍ ተንጠልጥሎ ይውለበለባል። ሌላኛው ላይ ደግሞ የሽንኩርት ጆንያ ተወትፏል። መሪውን አዙሮ ዳር መለሳቸው፣ ሞተሩንም አጠፋ።

«ይንቀሉት፣ እማማ» አላቸው ነጠላቸውን የወተፉትን አሮጊት፣ ወለተ ሐዋርያትን።

«ላቤ ሳይደርቅ? ንፋስ መትቶ ይግደለኝ፣ ልጄ?»

«አበረን የገደለው ይኸው ነው።»

«እሱን የገደለው የውሃው ነው! እዚህ ላይ ስሙን አትጥራብን!»

«ኧረ አያ እንዳላማው፣ አንድ ጊዜ ብትታገሥ ምን አለበት?» አለ አበባው። «ስንሻገር ትነቅለዋለህ። አንተ ደግሞ፣ ንፋስ አሻሻጭ ሆንህ?»

ዝም ቢል ይሻገራሉ። ዝም ቢል ነገም ይመጣሉ፣ ይስቃሉ፣ «አያ» ይሉታል። እንዳላማው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ወይ ጨርቁ ይነቀል፣ ወይ ውረዱ።»

ወረዱ። እማማ ወለተ ሐዋርያት ነጠላቸውን መንጭቀው «እግዜር ይይልህ!» አሉት። አበባው ጆንያውን ተሸክሞ «እንግዲያማ ብቻህን ተንፍስ!» ብሎት ወደ ተቀደደው ታንኳ ሄደ። ሲሰፉት ዋሉ።

እንዳላማው አሁንም እዚያው ነው። ገበያ በዋለ ቁጥር ጀልባዋን ጠራርጎ ይጠብቃል። ወደ ደብረ ኤልያስ ከዘለቃችሁ ቁልቁል ውረዱና ተሳፈሩለት። አዋሩት፣ አስቁት። ከበረዳችሁ ጋቢያችሁን ደርቡ፤ መተንፈሻውን ግን፣ እባካችሁ፣ አትወትፉበት።