በግራዋ የሚያልፏት ተከላካይ

ናይሮቢ ያለችው የበረዶ ሜዳችን ጠባብ ናት። በየወገኑ ሦስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ካሰለፍን ሞላች። መጀመሪያ የተቀጠርኩት እዚያ የበረዶ ጫማ ለማከራየት ነበር፤ ቀስ በቀስ በረዶው ላይ የሚጫወቱትን ሆኪ ተማርኩና ተከላካዮቹን ማሠልጠን ጀመርኩ። ፈጣን ተጫዋች ሆኜ አላውቅም። የማውቀው ጥቃቅኑን ነገር ነው። ተከላካይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሲመለስ ፓክ የምንላትን ጥቁር ጎማ ሳይሆን የአጥቂውን ደረት ማየት አለበት። እጅ ያታልላል፣ ደረት ግን ወዴት እንደሚሄድ አይደብቅም። ከዚያ የመጫወቻ ዱላውን ዘርግቶ አጥቂውን ሜዳውን ወደከበበው ግድግዳ መግፋት ነው።

ከተከላካዮቼ አንዷ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ የምታስተምር ወጣት ነበረች። ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። በረዶ ላይ «ኮች» ትለኛለች፣ ጫማዋን ስታወልቅ «ጋሼ»። የምትጫወተው በቀኝ በኩል ሲሆን፣ በግራዋ የመጣ አጥቂ ሁሉ ያልፋት ነበር። «ወደ ግራሽ እዪ» እያልኩ ሳምንታት ጮህኩባት። «እሺ ኮች» ትላለች፤ በሚቀጥለው ልምምድ ያው ነው።

አንድ ቅዳሜ በልምምድ ጨዋታ ላይ በዚያው በኩል ሁለት ጎል ሲገባብን ጨዋታውን አስቁሜ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አንቺ እኮ ሰው አትሰሚም» አልኳት። ልምምዱን ግን ጨርሳ ነው የወጣችው።

ሁለታችንም የምንኖረው ካሳራኒ ሰፈር ስለሆነ ማታቱ በሚባለው የከተማው ሚኒባስ አብረን ተሳፈርን። እሷ መስኮቱ ጋ፣ እኔ በግራዋ ተቀመጥኩ። በንግግሬ ስለተጸጸትኩ የውኃ ጠርሙሴን ዘረጋሁላት። ፊቷ አጠገብ ይዤው ቆየሁ፤ አላየችውም። አንገቷን ሙሉ በሙሉ ስታዞር ነው ያገኘችው።

«ጋሼ፣ በግራ ዓይኔ አላይም» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። እሷም በስዋሂሊ ይቅርታ ስትጠይቅ «ፖሌ» ብላ፣ «እኔም መደበቅ አልነበረብኝም» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ሜዳው ሳይከፈት ግራ ዓይኔን በሻርፕ አስሬ በረዶው ላይ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ። በዚያ ጎን የሚመጣ ነገር ሁሉ ድንገት ነው የሚደርሰው። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ግድግዳውን በግራዬ አድርጌ ስሄድ ምንም እንዳልጎደለኝ አስተዋልኩ፤ ሜዳው በሙሉ በቀኝ ዓይኔ ይታየኛል። ስለዚህ የዓይን ሐኪሟ የፊት መከላከያ እስካደረገች ድረስ መጫወት እንደምትችል ካረጋገጠላት በኋላ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርኳት። ለቡድኑ ራሷ ነገረች። በቀኝ በኩል አብራት የምትከላከለው ልጅም ከኋላ ሰው ሲመጣባት ልትጣራላት ቃል ገባች።

ከወር በኋላ ከሌላ ቡድን ጋር ተጫወትን። የእነሱ ፈጣኑ አጥቂ ፓኳን ግራና ቀኝ እያደረገ መጣባት። እጁን አላየችም። ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ደረቱን ጠበቀች፣ ወደ ግድግዳው ገፋችው፣ ፓኳንም ነጥቃ ለጓደኛዋ ሰጠች።

ጨዋታውን ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ጫማዋን እየፈታች፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛው ጎል በእኔ ጥፋት ነው፤ ዱላዬን ቶሎ አነሳሁት» አለችኝ።

«አዎ፣ ቶሎ አንስተሽዋል» አልኳት። «ማክሰኞ እንሠራበታለን።»