ከምድጃው በላይ ያሉት ሁለት ጭረቶች

ኬዚያ የተሰነጠቀውን የስንዴ አገዳ በከንፈሯ ታረጥባለች፣ በአውራ ጣቷ ትዳምጠዋለች፣ ከዚያ አንዱን ከሥር ሁለቱን ከላይ እያሳለፈች ትጎነጉናለች። ጉንጉኑ ሲረዝም ከምድጃው በላይ ባለው ሳንቃ ላይ ትዘረጋዋለች። ሳንቃው ላይ ለመለኪያ የተጫሩ ሁለት ጭረቶች አሉ፤ ከአንዱ እስከ ሌላው አንድ ያርድ ነው። ሃያ ያርድ ስትሞላ ለባርኔጣ ሰፊዎች ለሚያስረክበው ነጋዴ ትጠቀልለዋለች።

ነጋዴው ታብራም ግን በሂቺን ከተማ ገበያ ላይ በያርድ ዘንጉ ለካና ሳቀ። «እሜቴ ኬዚያ፣ ሃያ ብለሽ አሥራ ዘጠኝ ታሸክሚኛለሽ? ብትደግሚው እዚህ ገበያ የሚገዛሽ አታገኚም!»

«የረዘመው ያንተ ዘንግ ነው!» አለችው።

ሳምንቱን ሙሉ ያ ዘንግ ከዓይኗ አልጠፋም። በሚቀጥለው ገበያ በጭረቶቹ ልክ የቆረጠችውን ሲባጎ መቀነቷ ውስጥ ደብቃ ሄደች። መጀመሪያ በገበያው ሹም የናስ መለኪያ ላይ፣ ቀጥሎ በታብራም ዘንግ ላይ ዘረጋችው። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ያጠረው የእሷ ሲባጎ ነው።

ቤት እንደገባች ባሏ ጆብ ላይ አፈጠጠች። «በጥር የተቃጠለውን ሳንቃ ስትቀይር ጭረቱን በምን ለካኸው?»

«በዓይኔ ነዋ» አለ ጆብ ቀና ሳይል። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርኩትን!»

ኬዚያ ጭረቱን አስተካክላለች። አንድ ነገር ብቻ ትለምናችኋለች፦ በዚያ ዓመት የገዛችሁት ባርኔጣ ጠርዙ ላይ ቅጥያ ካለው ሰፊዋን አትጠርጥሩ፤ ያጎደለው የጆብ ዓይን ነው።