አልነሳም ያልኩ ቀን

አክስቴ አሰለፈች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የበደለችኝ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ፀጉር ቤት ውስጥ የኮኮናት ዘይት ሸተተኝና አስታወስኩት። የህንዳዊቷ አስተማሪያችን ፀጉር እንዲሁ ይሸት ነበር።

አንድ ቀን ስለ አገሯ የተራራ ቤተ መቅደስ አወራችልን። ሰዎች የአምላካቸውን ምስል ተሸክመው ሲሄዱ ተራራው ላይ ያሳርፉታል። ምስሉ አልነሳም ይላል፤ እዚያው ቤት ይሠሩለታል።

ማታ ለአክስቴ፣ «የእኛም ታቦት እኮ ለጥምቀት ወጥቶ አልሄድም ብሎ ነበር» አልኳት።

በጥፊ አጮለችኝ። «አንቺ መዓተኛ! ታቦትን ከጣዖት? ከነገ ጀምሮ ትምህርት የለም፤ ኩበት ትጠፈጥፊያለሽ!»

እንግድነት የመጡት የንስሐ አባታችን፣ «ተያት፤ ተራራ የወጣ ሁሉ ሰማይ ያያል» አሉ። ያኔ አልገባኝም።

በማግስቱ ሄጄ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ መጥታ ጎተተችኝ፤ «አልነሳም» አልኳት። ሰው ሲሰበሰብ አፍራ ሄደች። እኔም ክፍል ገባሁ፤ ኋላም እዚያው አስተማርኩ።