የጨርቁ ጀርባ

እትዬ ውባለም አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ መስፋት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የሰፈሩ ሰው በተማሪ ዩኒፎርም ያውቃቸዋል። እኔን የሚደንቀኝ ሌላው ሥራቸው ነው። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልካቸውን ክር ማስቀመጫው ቆርቆሮ ላይ ያቆሙና የስፌት መኪና እንዴት እንደሚስተካከል አጭር ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ከዚያም ቴሌግራም ላይ ላለው የልብስ ሰፊዎች ቡድን ይለቁታል። ያዘዛቸውም የሚከፍላቸውም የለም።

ከሁለት ወር በፊት፣ ስለ ክር አገባብና አጠባበቅ የሚያስተምረውን አሥራ ሁለተኛ ትምህርት ከለቀቁ በኋላ ግን ሊያቆሙ ወሰኑ። የቡድኑ አስተባባሪ ጃለታ ይህን ሲሰማ ሱቃቸው ድረስ ሄደ። የምስጋና ወረቀት በፍሬም አሠርተን፣ ጋቢ እናለብስዎታለን አላቸው።

«ጋቢ አለኝ፣ ፍሬም ደግሞ አቧራ ነው የሚሰበስበው» አሉት። «በየሳምንቱ የአበባ ሥዕል ትልኩልኛላችሁ። ከላኪዎቹ ማን መኪናውን ነክቶ እንደሞከረ ግን አላውቅም። የሚሠራበት ከሌለ ለማን ነው የምለፈልፈው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ልብስ ሰፊ መኪናውን ሲያስተካክል መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይሞክራል። የጨርቁ ፊት ያምር ይሆናል፤ እውነቱ የሚታወቀው ግን ሲገለበጥ ነው። ጃለታም ሰፊ ነውና ወዲያው ገባው። ያኔውኑ ለቡድኑ ጻፈ፦ አበባው ይቅር፤ በመጨረሻው ትምህርት የሠራ ሰው የሞከረበትን ጨርቅ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስቶ ይላክ።

በሦስት ቀን ሠላሳ አንድ ሰው ላከ። እትዬ ውባለም መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን እያጎሉ አዩ። ሠላሳው ደህና ነበር። አንዱ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ሰምሀል የምትባል ጀማሪ ሰፊ የላከችው፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ጀርባው ላይ ክሩ ተተራምሷል። ከሥሩ «ይቅርታ፣ የእጄ ችግር መሰለኝ» ብላ ጽፋለች።

አስጠሯት። በማግስቱ መጥታ በእሳቸው መኪና ላይ ክር ስታስገባ እጇን ተመለከቱ።

«እግሩን ሳታነሺ ነው እንዴ ክር የምታስገቢው?» አሉ፣ ጨርቁን የሚጫነውን ብረት እያሳዩ።

«ቪዲዮው ላይ ሲያነሱት አላየሁም፣ እትዬ።»

አብረው ከፍተው አዩት። ስልኩ የክር ማጥበቂያው ላይ ብቻ አተኩሯል፤ ግራ እጃቸው ከመኪናው ኋላ ሄዶ እግሩን ሲያነሳ አይታይም። በቃልም አልተናገሩትም። እግሩ ካልተነሳ ክሩ ማጥበቂያው ውስጥ በደንብ አይገባም፤ ስለሚላላም ከሥር ይተራመሳል። ሠላሳዎቹ ይህን ከልምድ ያውቁታል። የእትዬ ውባለም እጅም ስንት ዓመት ሳያማክራቸው ሲሠራው ኖሮ፣ መናገሩን ረስተውት ነበር።

ሳቃቸው መጣ። «የእጅሽ አይደለም፣ የአፌ ነው። ከሁሉም በላይ ያመሰገንሽኝ አንቺ ነሽ» አሏት።

እሑድ ትምህርቱን እንደገና ቀረጹ፤ ስልኩን ከኋላ በኩል የያዘችው ሰምሀል ነበረች። ሲጀምሩም ምን እንደረሱና ማን እንዳሳያቸው ስሟን ጠርተው ተናገሩ። አሁን አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደርሰዋል። ቡድኑ ውስጥ ዛሬም አበባ የሚልክ አይጠፋም። እሳቸው ለሁሉም አንድ መልስ አላቸው፦ «ጀርባውን አሳየኝ።»