የእትዬ አመለወርቅ ጥብስ ከደጅ ሲወጣ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከጅማ መጥታ ሚዛን እኔ ዘንድ ዋለች። ምሳ ልሠራ ስነሣ፣ «ቁጭ በይ እማዬ፣ ጥብስ አዝዣለሁ» አለችኝ። መቼ ወጥታ እንዳዘዘች አላየሁም፤ ለካ ስልኳን ስትነካካ የነበረው ለዚያ ኖሯል። ትንሽ ቆይቶ ሞተር ብስክሌት በራችን ላይ ቆመና አንድ ወጣት በፎይል የተጠቀለለ የጎድን ጥብስ፣ ለብቻው ዳጣ፣ ለብቻው እንጀራ አቀብሎን ሄደ። ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። እኔ ግን እያላመጥኩ ልቤ ቴፒ ገባ።

ቴፒ የመጀመሪያ የአስተማሪነት ምድቤ ነበረች። ከደብረ ብርሃን ብርድ ለመጣ ሰው ቴፒ ሲደርስ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይጠመጠማል። ሙቀቱና ዝናቡ አብረው ነው የሚኖሩት፤ ያጠብነው ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል፣ የተከልነው ሁሉ ሳንጠይቀው ይበቅላል። የምኖረው ከአስቴር ጋር ነበር። እሷም አስተማሪ ናት፣ እዚሁ ሚዛን አካባቢ ያለው የሸዋ ቤንች ወረዳ ልጅ። ሲከፋት በቤንችኛ ታጉረመርማለች፤ ሲደላት በአማርኛ ትቀልድብኛለች።

ወባ ሁላችንንም በየተራው ይጎበኘን ነበር። በዚያ ጥቅምት ግን፣ ቡናው ቀልቶ ለቃሚው በጭነት መኪና ሲመላለስ፣ በአስቴር ላይ ጨከነ። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ምግብ ግን እንቢ አለች። አጥሚት ሠራሁ፣ ሾርባ ሠራሁ፣ ብርቱካን ላጥኩ፤ ሁሉንም በእጇ ጀርባ ገፋችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን አያነሣትም» ብላኝ ነበርና ፈራሁ። አንጓዋን ስይዘው የልጅ እጅ መስሎኝ ደነገጥኩ።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስገባ ዓይኗን ገልጣ ጠበቀችኝ።

«ጥብስ» አለች።

«የምን ጥብስ?»

«እትዬ አመለወርቅ ቤት በር ላይ ስናልፍ የሚሸተው።»

ስናልፍ ማለቷ ልክ ናት፤ ገብተን አናውቅም። በዚያ ዘመን ሴት አስተማሪ ሥጋ ቤት ገባች ከተባለ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ቢሆንም ክዳን ያላትን አንዲት ድስታችንን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ።

ቤቱ በወንድ ተሞልቷል። ጥጉ ላይ ቢራቸውን ይዘው የተቀመጡት ደግሞ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ናቸው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሰዓታቸውን እያዩ የሚቆሙ ሰው ነበሩ፤ ከተማሪው ይልቅ እኛ አስተማሪዎቹ ነበርን የምንፈራቸው። ልመለስ ስዞር እትዬ አመለወርቅ ሽርጣቸውን እያጠበቁ መጡ።

«ምን ልታዘዝ፣ ልጄ?»

«ዝልዝል ጥብስ... የሚወሰድ» ብዬ ድስቷን አወጣሁ።

እትዬ አመለወርቅ ድስቷን ውሻ የገባ ያህል አዩዋት። «የኔ ጥብስ መንገድ አይሄድም። ድስት ውስጥ ታፍኖ ውሃ ካቆረ በኋላ ጥብስ አይባልም። አንዱ ለምኖኝ ወሰደና አሳድሮ በላው፤ ከዚያ ‹አመለወርቅ ጫማ ጠብሳ ሸጠችልኝ› እያለ አገር አዳረሰ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ማልቀስ ቃጣኝ።

«ለታማሚ ነው፣ እትዬ።»

«ታማሚዋ ትምጣና እዚሁ ትብላ።»

«መቆም አትችልም።»

ከጥግ፣ «አስቴር ናት? እስካሁን አልተሻላትም?» የሚል ድምፅ መጣ። ዳይሬክተሩ ተነሥተው ቆመዋል። ሳቁ ቀረ። እትዬ አመለወርቅ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉ።

«እህል ከቀመሰች ስንት ቀኗ ነው?»

«ሳምንት ሊሞላት ነው።»

ዞረው ወደ ጓዳ ገቡ። በቃ፣ ትተውኝ ሄዱ ብዬ ድስቷን መሸፈን ስጀምር ተመለሱ። ጥሬ ሥጋውን ከነቅቤውና ከነቃሪያው በትሪ አድርገው በኮባ ቅጠል ከድነውታል፤ ትሪውን ለእኔ ሰጡኝ። በእጃቸው ፍም የሞላ ሸክላ በጨርቅ ይዘዋል።

«ጥብሱ አይሄድም ብያለሁ። እሳቱ ግን ይሄዳል» አሉ።

ውጭ ዝናቡ ጀምሯል። ጃንጥላ የነበራቸው ዳይሬክተሩ ብቻ ናቸው። ከፍተው እትዬ አመለወርቅ ራስ ላይ ሊይዙላቸው ሲሉ፣ «ለኔ አይደለም ጋሼ፣ ለፍሙ» አሏቸው። እንዲህ ሆነን ሄድን። እሳቸው በፍሙ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ኮታቸው በዝናብ ይርሳል፤ እትዬ ጭቃውን እየመረጡ ይራመዳሉ፤ እኔ ትሪዬን አቅፌ እከተላለሁ። ባለሱቆቹ በረንዳ ላይ ወጥተው አዩን። ነገ ምን ይባላል የሚለው ሐሳብ መንገድ ላይ የት እንደጣልኩት አላውቅም።

አስቴር ዳይሬክተሩን ስታይ ብርድ ልብሷን እስከ ፀጉሯ ሳበች። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና፣ «እኔ አላይሽም፤ አንቺ ብቻ ብዪ» አሏት።

እትዬ አመለወርቅ የበሩ ደፍ ላይ ተንበርክከው ፍሙን በድስቷ ክዳን አራገቡ። ቅቤው ጮኸ፤ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱና ሮዝመሪው ቤቱን ሞላው። የመጀመሪያውን በእንጀራ ጠቅልለው በእጃቸው አጎረሷት። አስቴር ብዙ አላመጠች። ማንም አልተነፈሰም። ዋጠችውና፣ «ጨምሩልኝ» አለች።

እሷ ከጠገበች በኋላ የተረፈውን ሦስታችን ቆመን በላን። ዳይሬክተሩ ከግድግዳው ሳይዞሩ ነው የበሉት። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደ ልማዳቸው ሰዓታቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝና ዘገየሽ ብለው ተቆጡኝ።

አስቴር ብዙም ሳትቆይ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ በከተማው ውስጥ ጥብስ እስከ ቤቱ እንዲመጣለት የፈለገ ሁሉ፣ «እትዬ፣ እኔንም ወባ ይዞኛል» ማለት ጀመረ። እሳቸውም፣ «ምላስህን አውጣ» ይሉና አይተው፣ «ደህና ነህ፣ ተቀመጥ» ይሉታል።

ልጄ ወደ ጅማ ከተመለሰች በኋላ አስቴር ጋ ደወልኩ። ጡረታ ወጥታ ሸዋ ቤንች የአባቷን ቡና ትጠብቃለች። ያንን ቀን ሳነሣባት ረጅም ሳቅ ሳቀች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ያ ጥብስ ምንም አልጣመኝም ነበር። አፌን መድኃኒት መድኃኒት ነበር የሚለኝ፤ ሬት ነው የበላሁት።»

«ጨምሩልኝ ብለሽ አልነበር እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበል? እሳቸው ተንበርክከው ያራግባሉ፣ ሰውዬው ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ግድግዳ ያያሉ፣ አንቺ ልታለቅሺ ደርሰሻል። እናንተን እያየሁ ነው የዋጥኩት።»

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ሁሉ ዓመት በሄድኩበት ቤት ሁሉ ጓደኛዬን ከአልጋ ያነሣት ያ ሥጋ ነው እያልኩ ሳወራ ኖሬያለሁ። ወሬውን አልተወውም፤ በዚህ ዕድሜ አዲስ ወሬ ከየት ይመጣል? ከእንግዲህ ግን የሥጋውን ነገር አሳጥሬ፣ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንፋሻችንን ይዘን እንዴት እንደቆምን አስረዝማለሁ።