ሚዛን ያዤ «ቦስ» ያለኝ ሰሞን

ሁለት ፊደል ናት። ያስከፈለችኝ ግን ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የቆመ ሚዛን ያዥ ነው፣ ከነገበሬዎቹ።

ቡሬ ላይ በርበሬ እገዛለሁ፤ ፍኖተ ሰላምም አንድ መጋዘን አለችኝ። በዚህ ንግድ ዋናው ነገር ብር የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ዋናው ሚዛኑ ላይ የሚቆመው ሰው ነው። ገበሬ አህያውን ጭኖ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ሲመጣ ዋጋው የትም ቢሄድ ያው ነው፤ እሱ የሚመርጠው ሚዛኑን የሚያነበውን ዓይን ነው። የእኔ ሚዛን ያዥ ጆንያው ተወዛውዞ ቀጥ ሳይል አፉን የማይከፍት የዱርቤቴ ሰው ነበር። አርባን አልፏል፤ ከእኔ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። ከተዋወቅን ጀምሮ «ጋሼ» ነበር የሚለኝ፣ አንቱታውንም አጓድሎብኝ አያውቅም።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን፣ ገበሬው ተሰልፎ፣ የበርበሬው ብናኝ ሁላችንንም እያስነጠሰን፣ ከሚዛኑ ቀና አለና ጮክ ብሎ፣

«ቦስ! አርባ ሰባት ከግማሽ! ና እየው!» አለ።

ዞሬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም።

ቃሏን አላውቃት አይደለም። የባጃጅ ነጂዎቻችን ሰውን ሁሉ ቦስ ይላሉ። አንዱ፣ አህያ መንገድ ዘግታበት፣ «ቦስ፣ አሳልፊኝ እንጂ!» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በእነሱ አፍ ትርጉሟ «የብሩን መልስ ተውልኝ» ማለት ነው። በዚያ ላይ ቦስ የሚልህ ሰው አንቱ አይልህም። ዘውድ ይጭንልህና በዚያው እጁ ጋቢህን ይገፍሃል። እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ሲያነግሠኝ ኪሴን እዳብሳለሁ።

ይባስ ብሎ፣ ገበያው ተበትኖ ሱቁን ስንዘጋ «ጋሼ፣ ጋቢዎን ይደርቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለኝ። ሰው ፊት ቦስ፣ ለብቻችን ጋሼ። በሚቀጥለውም ገበያ እንደዚያው። ሰው ሁለት ዋጋ ከጠራ አንዱ ውሸት ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ቦስ ቢልህ ምን ጎደለህ?» አለችኝ።

«አንቱታው ጎደለኝ።»

«እሱን እኔም ሰጥቼህ አላውቅ፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ኖረሃል።»

ከእሷ ምንም እንደማላተርፍ ሳውቅ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ አንድ ቃል ከጠየቅከው ከነዘር ማንዘሩ ካልነገረህ አይለቅህም።

«ቃሉ የእንግሊዞቹ አይደለም» አለኝ፣ ወንበሩን እየሳበ። «የሆላንዶች ነው። አሜሪካ ሄደው ሲሰፍሩ ይዘውት ሄዱ። እዚያ ‹ጌታዬ› ማለት የባሪያ አፍ ነበረች። በደመወዝ የሚያድረው ሰው ‹ጌታዬ› ላለማለት ሲል ቦስ አለ። ሥራህን እሠራልሃለሁ፣ ያንተ ግን አይደለሁም እንደማለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ በየከተማው ድምፅ እየሰበሰበ ሥራ የሚያድለው ፖለቲከኛም ቦስ ተባለ። ለአንዱ ስድብ፣ ለአንዱ ሙገሳ ሆነ።»

«ከሆላንዶቹ በፊትስ?» አልኩት። በርበሬም ስገዛ ከማን ማሳ እንደመጣ ካላወቅሁ አልገዛም።

«በውል አይታወቅም። አንዳንዶች ግን መነሻው አጎት ማለት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።»

«አጎት?»

«አጎት። እኛ ጋሼ እንደምንለው።»

አላመንኩትም። አጎት የነበረ ቃል እንዴት አህያ መጥሪያ ይሆናል? ቤቴ ስገባ ግን «አለቃ» የምንለው ትዝ አለኝ። ዱሮ ደብር የሚያስተዳድር ሊቅ ነበር አለቃ የሚባለው፤ ዛሬ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሁሉ አለቃ ነው። እንግዲህ ቃልም እንደ ኮት ከትከሻ ትከሻ ይወርዳል አልኩና እሱን ተውኩት። ያልተወኝ ሌላው ነው፦ «ያንተ ግን አይደለሁም።» ሌሊቱን ሙሉ እሷን ሳላምጥ አደርኩ። ሲነጋ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ይኼ ሰው ሊሄድ ነው። ሊሄድ የተነሣ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም።

በሚቀጥለው ገበያ፣ እሱ የመዘናቸውን ሦስት ጆንያዎች አስነሣሁና አጠገቤ ካለው ነጋዴ ሚዛን ላይ አስደገምኩ። በገበሬው ፊት። ይህን ያላየ አገር ሰው ምን አለበት ሊል ይችላል። እኛ ዘንድ መዛኝ በመዘነው ላይ መመዘን ሌባ ብሎ ከመጮህ ይብሳል፤ ለጩኸቱ እንኳ መልስ አለው።

አንደኛው ልክ መጣ። ሁለተኛው ልክ መጣ። ሦስተኛውም ተሰቀለ፤ እሱም ልክ መጣ።

ሚዛን ያዤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁን አጣጥፎ ሚዛኑ ላይ አኖረውና ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ጋሼ፣ ይቅናዎት» ብሎኝ ሄደ።

ከሰልፉ መካከል አንድ ገበሬ ቄስ ነበሩ፤ በየዓመቱ በርበሬያቸውን ለእኔ ነው የሚሸጡት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀረቡኝ።

«ምን አድርጎዎት ነው?» አሉኝ።

«አባ፣ ጠባዩ ተለውጦብኝ ነው። ሰው ፊት ቦስ ይለኝ ጀመረ።»

«እሱስ የኛ ጥፋት ነው» አሉ። «አምና ገበሬው ሲያማ ከረመ። ጋሼ የሚለው ዘመዱ ቢሆን ነው፣ ሚዛን ደግሞ ለዘመድ ያደላል ተባለ። ሐሜቱ ጆሮው ገባ መሰለኝ፣ ዘንድሮ ማንም ለማንም የሚላትን ቃል አመጣ። ቅጥረኛ እንጂ ዘመድ አይደለሁም ማለቱ እኮ ነው። ይኸው እኛም አምነን መጣን።» አህያቸውን በገመዷ ሳብ አደረጓት። «አሁን ግን አንቱ ራስዎ ካላመኑት፣ እኛ ምን ይዘን እንመን?»

ጭነታቸውን ሳያራግፉ ሄዱ። ከኋላቸው ስንት እንደተከተለ አልቆጠርኩም።

ወደ ሚዛን ያዤ ሽማግሌ ላክሁ። ደህና አድርጎ ተቀበላቸው፣ አብልቶ አጠጥቶ ሸኛቸው፤ እሺ ግን አላለም። «ለምን ነገሩን አስቀድመህ አልነገርከውም?» ቢሉት፣ «ገበሬው ይጠረጥርዎታል ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው?» አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አሁንም በደግ ቃል የሆነ ነገር ሊሸጥልኝ ይሆናል ብዬ ነው። የራሴን ሚዛን ከፍ ዝቅ አድርጌ ፈተሽኩት፤ ያለፈውን ዓመት ጭነት ሁሉ ደግሜ አሰላሁ። አንድ ኪሎ የሚያጠራጥር አላገኘሁም። ባገኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

መምህሩም ነገሩን ሰማና፣ «ያ የአጎቱ ነገር ግን በውል እንደማይታወቅ ነግሬሃለሁ» አለኝ፣ ዕዳ እንዳልጠይቀው።

የቀድሞው ሚዛን ያዤ ዛሬ ከእኔ በሰባት ሱቅ ርቀት የራሱን ሚዛን ሰቅሏል። አዲስ የቀጠርኩት ልጅ ቦስ ይለኛል፤ የመዘነውን ሁሉ ማታ ማታ ደግሜ እመዝናለሁ።

ገበሬው ከግማሽ በላይ ወደዚያ ሄዷል። ቄሱም እዚያው ናቸው። የዱሮው ሚዛን እኔ ጋ አለ። በሰውየው ደጅ ሳልፍ፣ ሰው ፊት፣ «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ» ይለኛል።