ሁለት ጠርሙስ የኖራ ውኃ

ተማሪዎቼ በስትሮ የኖራ ውኃ ውስጥ ሲተነፍሱ የሚሰማው ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ዛሬም ይረብሸኛል። ሳይንስ አስተምራለሁ። ያንን ሙከራ በማሠራበት ቀን ግን፣ ምን ልበልህ፣ መስኮት ልከፍት የሄድኩ መስዬ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ።

ያደግነው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። መምህራችን ቤት ወስጄ እንድሠራ ጥርት ያለ የኖራ ውኃ በሁለት ጠርሙስ ሰጠኝ፤ አንዱን ተንፍሺበት፣ ሌላውን ለማነጻጸሪያ እንደታሸገ ተዪው ብሎ። ከሳንባችን የሚወጣው የተቃጠለ አየር ውኃውን ወተት ያስመስለዋል። እኔ ፀጉሬን እየተሠራሁ ስለነበር ስትሮውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። አስም ነበረበት።

ከታች ከመንገዱ የማታቱ ሚኒባሶች ጥሩምባና የናፍጣ ሽታ ይገባል። ትንሽ ይነፋል፣ ያርፋል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። "ንፋ እንጂ፣ ምን ያልፈሰፍስሃል?" አልኩት። ያቺን ቃል መልሼ ብውጣት በወደድኩ።

"ፖሌ ፖሌ ሲስ፣ ቀስ ብሎ ይመጣል" አለኝ፤ አልተቀየመም። ውኃው ሲነጣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ "ማሚ፣ ይሄ ከኔ ነው የወጣው?" ብሎ እናታችንን ጠየቃት።

በቀጣዩ የዝናብ ወቅት፣ ሆስፒታል ሳንደርስ፣ ታክሲ ውስጥ እናታችን እቅፍ ላይ እንዳለ አረፈ።

እናቴ ሁለቱንም ጠርሙሶች መደርደሪያ ላይ አኖረቻቸው። ከነጩ ሥር እንደ ዱቄት የረጋውን "የልጄ ትንፋሽ" ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ የተነፈሰው አየር ከኖራው ጋር ተዋህዶ ነው የረጋው። ጥርት ያለውን ለምን እንደማትጥለው ስጠይቃት "እሱ ባይኖር ይሄ በምን ይታወቃል?" አለችኝ።

በቅርቡ ቤት ቀየረች። ልጠይቃት ስሄድ ከካርቶን ያወጣቻቸውን ሁለት ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አፍጥጣባቸዋለች። በነዚያ ሁሉ ዓመታት በክዳኑ አየር እየገባ ሌላውም ነጥቷል። ሁለቱም ሥር ዱቄት አለ።

"የቱ ነው የሱ?" አለችኝ። "መምህር አይደለሽ? አንቺ ታውቂያለሽ።"

አላውቅም ነበር። ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሁለቱንም ወደ መስኮቱ አንሥቼ ረጅም ጊዜ አየሁና አንዱን ሰጠኋት። በነጠላዋ ጠርጋ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

ሌላውን እጥለዋለሁ ብዬ ይዤው ወጣሁ። እስካሁን አልጣልኩትም።